ንጉሡን «አንተ» ያልኩበት እሑድ

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልናገር፤ ይህ ካልታወቀ የደረሰብኝ ውርደት ክብደቱ አይታወቅም። ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ መምህር የለም። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ ሳለሁ፣ ከከባድ መኪና መጠገኛ መጻሕፍት ላይ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዲፕሎማ ያላቸው መካኒኮች መጽሐፉን ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። በሱዳን አድርጌ ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላም፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ባለው ፎቃችን ውስጥ ደብዳቤ የደረሰው ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። የቤት ፎርም በሉት፣ የትምህርት ቤት ወረቀት በሉት፣ የሐኪም ቀጠሮ በሉት፣ በእኔ አፍ ያላለፈ የለም። «አስተርጓሚው» ከተባለ ሌላ ሰው አይታሰብም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ የዚያ ፎቅ ሰው ያውቀዋል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ የቪዲዮ ዴክ ገዛሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ስድስት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤቴ ይሰበሰባሉ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ልጆቻቸውም ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ፊልም ተከራይቼ አመጣለሁ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የተባለውን ሁሉ እዚያው በአማርኛ አወርደዋለሁ። ለሴቷ በሴት ድምፅ፣ ለንጉሡ በንጉሥ ድምፅ። ተቀምጬ አስተርጉሜ አላውቅም።

ከተመልካቾቼ አንድም እሑድ የማይቀሩት እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የዓይን ግፊት አለባቸው። ልጃቸው ቀን ቀን ፋብሪካ ስለምትውል፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ወጣት ፈረንጅ ናት። ጠብታው በየቀኑ ካልተደረገ ብርሃናቸው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነግራናለች። ሦስት ጊዜ ከሄድን በኋላ ግን እማማ እምቢ አሉ። ጠብታውንም ተዉት። «ምነው እማማ?» ስላቸው፣ «ተወኝ፤ እዚያች ሴት ፊት ሁለተኛ አልቀመጥም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሁለት ቀጠሮ አለፈ። የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ተውኩት። ለልጃቸውም አልነገርኩም።

ያን እሑድ ያመጣሁት ፊልም ስፔኖች የአዝቴኮችን አገር፣ የዛሬዋን ሜክሲኮ፣ ስለያዙበት ዘመን የሚናገር ነበር። ታሪክ የእኔ መስክ ነው ብዬ ስለማምን መርጬ ነው የተከራየሁት። መርከቡ ሲደርስ፣ ፈረሶቹ ሲወርዱ፣ መስቀሉ አሸዋው ላይ ሲተከል ሰዎቼ አማተቡ። «የእኛ ወገኖች ናቸዋ!» አሉ ከፊት የተቀመጡት ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ። የአዝቴክ ካህናት ሰው ሲሠዉ ደግሞ ሁሉም ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ካፒቴኑና ንጉሡ ሐይቅ ላይ በተሠራችው ከተማ መግቢያ ተገናኙ። በመካከላቸው አንዲት የአገሬው ሴት ቆማ ታስተረጉማለች።

እሷን ሳይ ደስ አለኝ። «ይቺን ልብ በሉ!» አልኩ። «ያለሷ ሁለቱም ዱዳ ናቸው።»

ቀጠልኩ። ንጉሡ፦ «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ይግቡ።» ካፒቴኑ፦ «አንተ! ወርቅህን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ቆይ እስቲ፣ አቁመው» አሉ እማማ። አቆምኩት።

«ንጉሡ የቱ ነው?»

«ላባ የደፋው።»

«እንግዳውስ?»

«ባለ ብረት ቆቡ።»

«ታዲያ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ደጁ ንጉሡ ‹እርስዎ› እያለ መንገደኛው ‹አንተ› ይለዋል?»

ሃምሳ አለቃው ሳቁ። «ፈረንጅ አይደል እንዴ? ፈረንጅ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ያከበረው!»

«ፈረንጁንስ ተወው። ይቺ የአገሬው ልጅ ንጉሧን ‹አንተ› ስትል አፏ እንዴት እሺ አላት? አታለሳልሰውም ነበር?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን የማውቀውን ነገር ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልችልበትም። ደረቴን ነፋሁ።

«እማማ፣ የእንግሊዝኛን ምሥጢር ልንገርዎ። በእንግሊዝኛ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ‹ዩ› ነው። ንጉሡም ዩ፣ ሎሌውም ዩ፣ ውሻውም ዩ።»

«ኧረ! ውሻውም?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ውሻውም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እማማ ብቻ አልሳቁም።

«እንዲያ ከሆነ ካፒቴኑ ‹አንተ› አላለውም» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ማለቴ…»

«ያልከው አንተ ነህ።»

ፊልሙን ላስቀጥል እጄን ወደ ቪዲዮው ሰደድኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ያቺ ሐኪምስ? ‹አንቺ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ አንቺ፣ ጠብታውን ረስተሻል› ያለችኝ? የልጅ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ነጠላ ለብሼ ፊቷ ተቀምጬ ‹አንቺ› ያለችኝ? እሷም ‹ዩ› ነው ያለችው?»

ያኔ እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። «በድምፅ አወጣጥ ይለያል እማማ፤ ለሠለጠነ ጆሮ ይታወቃል» አልኩ።

«አሁን ሁሉም አንድ ነው አላልክም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

እማማ ተነሡ። በሩ ጋ ደርሰው እጀታውን ለመያዝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ከእጀታው በስተግራ ባዶውን ግድግዳ ዳበሰ። እንደገና ዘረጉ፣ እንደገና ሳቱ። በሦስተኛው አገኙት። ሁላችንም አየን።

የቀሩት «ቀጥል እንጂ» አሉኝ። ፊልሙን አስጀመርኩት። ካፒቴኑ ንጉሡን በገዛ ቤቱ እስረኛ አደረገው፤ ብዙ ይናገር ነበር። «ምን አለ?» ይሉኛል። «ምንም አላለም» እላለሁ። ከተማይቱ እስክትቃጠል ድረስ ምንም አላለም።

ያን ሳምንት ራሴን መረመርኩ። ሐኪሟ እማማን ምንም አልበደለቻቸውም። ወንበር ስባ ያስቀመጠቻቸው፣ ሲነሡ ክንዳቸውን የደገፈችው እሷ ነበረች። ታዲያ ‹አንቺ›ን ከየት አመጣሁት? የጋራዡ መጻሕፍት ሁሉ «ፍታ፣ እሰር፣ አጥብቅ» ነበር የሚሉት። የጋራዡ ፈረንጅ አለቃም እንደዚያው ነበር። ነጭ ሰው አፉን ሲከፍት በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚወርደው። ይህን ያህሉን አለማወቅ ልበለው። ግን እማማ «ልጄ፣ ጠብታው ለምን እንደሚያቃጥለኝ ንገሪኝ» ሲሉ፣ እኔ ለሐኪሟ «እመቤቴ፣ ይቅርታሽን ትለምናለች» ብዬ ነበር ያስተላለፍኩት። እሳቸው ለማኝ አልነበሩም፤ ለማኝ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ከሁሉ የከፋውን ልጻፈው፦ ‹አንቺ› ስላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሐኪሙ እኔ ነበርኩ።

እማማን ኤሌቬተር ውስጥ እንዳላገኛቸው ሦስት ቀን አሥራ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በአራተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አስተርጓሚው ነህ ወይስ ሐኪሟ?»

«አስተርጓሚው።»

ከፈቱልኝ። ቁጭ በል አላሉኝም። «ሐኪሟ አላዋረደችዎትም» አልኩ ቆሜ። «እሷ ‹ዩ› ነው ያለችው። ‹አንቺ› ያልኩት እኔ ነኝ። እሑድም ዋሽቼዎታለሁ።»

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ከቀረሁ ስንት ወር ሆነኝ?»

«አራት።»

«አራት ወር ሙሉ ያቺን ልጅ ስረግማት ከረምኩ በለኛ! ዓይኔንም በአንተ ምላስ አጠፋሁ።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። «ደውልላት» አሉ። «እና ስሟን ጠይቅልኝ፤ በጸሎቴ ስሟን ሳላውቅ ነው የረገምኳት።»

አሁን እኔም እሳቸው በዚያን ጊዜ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለማድረግ የቻልኩትን ልቁጠር።

በዚያው ሳምንት ቀጠሮ አስያዝኩ፤ አብሬ ገባሁ፤ ለሐኪሟም ጥፋቱን በእንግሊዝኛዬ ነገርኳት። የ‹አንቺ›ና የ‹እርስዎ› ልዩነት ገብቷት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ፊቷ ቀላ።

ለልጃቸው ነገርኳት። ጮኸችብኝ። ቆሜ ሰማሁ።

በሚቀጥለው እሑድ በሃምሳ አለቃውና በሁሉም ፊት የዋሸሁትን አመንኩ። ይህ ከሱዳን በረሃ ይከብድ ነበር።

የጠብታውን ሰዓት በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ጽፌ ጠርሙሱ ላይ ለጠፍኩ።

ስድስት ዓመት አንድ ቀጠሮ ሳላሳልፍ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሟም በእኔ አፍ ሁልጊዜ «እርስዎ» አለቻቸው። «ዛሬ ደግሞ እንዴት ጨዋ ሆነች!» እያሉ ይነካኩኝ ነበር።

ያን ፊልም እንደገና ተከራይቼ ለእሳቸው ብቻ አስተረጎምኩት። ካፒቴኑ ንጉሡን «ወርቅዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?» ሲል እማማ እስኪያነቡ ሳቁ። «ኧረ ይሄስ ባሰ፤ እያከበረ ነው የሚዘርፈው!»

ግራ ዓይናቸውን አላዳንኩም፤ እሱ በእነዚያ ወራት ሄዷል። ቀኙ ግን እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የበር እጀታ አልሳተም።