የሸረፈዲን የአንጓ ማሰሪያ

ባሌ ሸረፈዲን ኮምቦልቻ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በዚያ አይደለም። በአረፋ በዓል የጎረቤቱን ሁሉ በግ የሚያርደው እሱ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በእጁ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን በዓሉ በቀረበ ቁጥር እጁን እጁን አይ ጀመር።

አምና ከደሴ ሲመለስ ከሚኒባስ ሊወርድ ሲል ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተመላልሶ አጥንቱ ገጠመ፤ የእጁ አንጓ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጠበቅ አድርጎ የያዘ ጊዜ ሳያስበው እጥፍ ይልበታል። ሻይ ሲደፋ ሳቅኩበት። ቢላ ሲይዝ ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ቢላው አንዴ የበጉ አንገት ላይ ካረፈ በሃይማኖታችን ሳይነሳ መጨረስ አለበታ! እጁ መሃል ላይ ቢታጠፍ፣ ሥጋው ይበላል ወይስ አይበላም? እንቅልፍ የነሳው ይህ ነበር።

«አሚና፣ እኔ የበላሁት የራሴ ጉዳይ ነው» ይለኛል። «ሰው ላበላሁት ግን አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ሌላ ሰው ይረድ።»

«ምን ብዬ? ሸረፈዲን ሽባ ሆነ ይበሉኝ?»

እንግዲህ ኩራት ሲነሳበት ማን ይችለዋል!

ልጃችን ጣይባ ዱባይ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። የአባቷን ነገር ስትሰማ አንድ ጥቁር ማሰሪያ ላከችለት። ጎልፍ የሚለማመዱ ሰዎች ዱላውን ሲወዘውዙ እጃቸው ያለ ልክ እንዳይታጠፍ የሚያስሩት ነው። ክንድ ላይ ይታሰራል፤ አንጓ ከልኩ በላይ ሲታጠፍ «ቀጭ» ብሎ ያስጠነቅቃል። በስልክ የላከችው ቪዲዮ ላይ አንድ ቦርጫም ሰውዬ እሱን አስሮ ዱላ ይወዘውዛል። ሸረፈዲን ደጋግሞ አየውና «ይህ ሁሉ ጣጣ እንቁላል ለምታህል ኳስ ነው?» አለ። እጁ ከተሰበረ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲመለስ በሩን ይዘጋል። በቢላ ፋንታ ማማሰያዬን ይዞ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ያርዳል። እኔ ደጅ ሽንኩርት እየላጥኩ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ከአሥሩ ሰባቱ ቀጭ ይል ነበር፤ በሁለት ወሩ አንዱ ብቻ ቀረ።

«አብሽር፣ ድነሃል» እለዋለሁ።

«አንዱስ?» ይለኛል።

እኔም የምፈራው ያንኑ አንዱን ነበር።

የአረፋ ዕለት ከሶላት ሲመለስ ማሰሪያውን በእጅጌው ደብቆ አሰረ። የመጀመሪያው በግ የጎረቤታችን የራሂማ ነበር። ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ሙዓዊያ ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቀጣዩ ባለተራ ጎረቤታችን ሀፊዝ የራሱን በግ ገመድ ይዞ ቆሟል።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ ሸረፈዲን።

ቢላው ሄደ። መሃል ላይ «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ቢላው ተነሳ፤ ወዲያው ተመልሶ ጨረሰ። በጉ ተንፈራግጦ ጸጥ አለ። ማንም ልብ አላለም። ራሂማ «አላህ ይቀበለን» ትላለች። ሸረፈዲን ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዝም እንዲል በዓይኔ ጠቀስኩት። ወላሂ፣ ሳላስበው አይደለም፤ አስቤበት ነው።

እሱ ግን ቢላውን መሬት አስቀምጦ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ሼህ፣ እጄ ታጥፎብኝ ቢላው ተነስቷል» አለ። «ከመገፈፉ በፊት ፍርድዎን ይንገሩን።»

ሼህ ሙዓዊያ «ምን ያህል ቆየ?» ብለው ጠየቁት።

«አንድ ትንፋሽ አይሞላም።»

«ወዲያው ከመለስከው ይበላል፤ አታስብ» አሉት። «ከዛሬ ወዲያ ግን ቢላውን ለሌላ ስጥ ልጄ።»

«እሺ» አለ። ሀፊዝ የበጉን ገመድ ሲጠቀልል ሳየው ትቶን ሊሄድ ነው መሰለኝ። እሱ ግን ቢላውን ከመሬት አነሳ።

«እኔ አርዳለሁ» አለው። «አንተ አጠገቤ ቁም። እጄ ከተሳሳተ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሸረፈዲን ከበጉ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። እስካሁን የምፈራው ለእሱ ነበር። ራሂማ የበጓን ጉበት በሳህን ይዛ መጥታ «በይ አሚና፣ ቅመሽ» ስትለኝ ግን፣ ዝም በል ብዬ የጠቀስኩት ትዝ አለኝ፤ አላህ ፊት ምን እላለሁ ብዬ ለራሴ ፈራሁ።