ጋሼ ዳና አረቄ የተወ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ራሴን እያዞረኝ ቢያስቸግረኝ ለአንጎል ምርመራ ሄድኩ። ባለሙያዋ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ እየለጠፈች «እማማ፣ ትናንት አልኮል ቀምሰዋል?» አለችኝ። እኔ የመዘምራን አሰልጣኝ! ሳቄን ለቀቅኩት። «የአንጎልን ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ ነው የምጠይቅዎት» ስትለኝ ግን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዳና ፊቴ ድቅን አለ፤ ሳቄም እዚያው ቀረ።

ጋሼ ዳና ሸማኔ ነበር። ከትውልድ ቀዬያችን ከገረሴ አምጥቶ፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማ ሰፈር ያስተማረኝ እሱ ነው። ደግነቱን ተናግሬ አልጨርሰውም፤ ምን ያደርጋል፣ ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ መወርወሪያ አይጨብጥም። አንድ እሑድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማንጎ ማንጎ በሚሸትበት ወቅት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ!» አለ። ምእመኑ እልል ሲል እኔ ደስታው አስለቀሰኝ።

ሰኞ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቀው። የጸሎት ሰዎች ቤታችንን ሞልተው «ርኩስ መንፈስ ሊወጣ ነው፣ በርቱ!» አሉን። እኔም አመንኩ። ማክሰኞ ጠዋት ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

«አንዲት ጉንጭ ብቻ፣ እህቴ። ራሴ ውስጥ የሆነ ነገር ይነዝረኛል።»

የተረፈችውን ጠርሙስ ዓይኑ እያየ ደፋኋት። ኩራቴን ብታዩት!

እኩለ ቀን ሳይደርስ ሸማ የሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ አረፋ ደፈቀ። ሰዎቹ «ወጣ! ወጣ!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ግን ፊቱ ሲጠቁር አይቼ ኡኡ አልኩ። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሙ ሳይቆጣን አስረዳን። «አረቄ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ያበርዳል። አንጎልም እሱን ለመቋቋም በየቀኑ ጉልበት ይጨምራል። አረቄው ድንገት ሲቀር ያ ጉልበት ልጓም ያጣና ሰውን ይጥላል። መተዉ ደግ ነው፤ ግን በሐኪም እጅ፣ በመድኃኒት ይሁን።»

ጋሼ ዳና በማግስቱ ዓይኑን ሲገልጥ «ጌታ አልተቀበለኝም ማለት ነው?» አለኝ።

«ኧረ ተቀብሎሃል! ልገድልህ የነበርኩት እኔ ነኝ» ብዬ እግሩ ላይ ተደፋሁ።

እጁን ዘርግቶ ራሴን ዳበሰኝ። «ተነሺ በይ። አንቺ በምታውቂው ልክ ነው የወደድሽኝ።»

ድኖ ወጣ፤ አርጅቶ እስኪሞት አረቄ አልቀመሰም። ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ «መጠጥ ተውኩ» ሲል ከሁሉ ቀድሜ እልል እላለሁ። ከዚያ ክንዱን ይዤ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፤ ጸሎቱን እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አደርስለታለሁ። አንዳንዶች እምነቷ ላልቷል ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ ወንድሜን በጽድቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር።