ያልላላው ገመድ

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ ፊደልና ሒሳብ የማስተምርበት ጠባብ ግቢ በአንድ ቀን የሬዲዮ ጣቢያ ሆነ። ጣሊያኖቹ ሁለት ምሰሶ ተክለው ሽቦ ወጠሩበት፤ ክፍሌን ባትሪ ሞሉት። ተማሪዎቼ ተበተኑ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ወልቂጤ ያለው ጦር ግን መልእክቱ አይሰማኝም አለ። ከሽቦው ጎንና ጎን የሚወጣው ኃይል ብርቱ ሲሆን በጫፉ በኩል የሚወጣው ደካማ ነው፤ የእኛ ሽቦ ጫፍ ደግሞ ያመለከተው ወደ ወልቂጤ ነው። አዙሮ ለመወጠር ግቢው አይበቃም። ስለዚህ በጫፉ በኩል ያለው ኃይል መድከሙ በልኬት ከታየ ምሰሶው ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤቴም ይመለስልኛል።

ልኬቱ ቀላል ነበር። ሰው ወደ እሳት ሲጠጋ ይበልጥ እንደሚሞቀው ሁሉ የሬዲዮውን ኃይል የሚለካው መሣሪያም ወደ ሽቦው ሲጠጋ ቁጥሩ ይጨምራል። ስለዚህ በእኩል ርቀት መዞር ግድ ነው። ከሽቦው መካከል ስር ችካል ተክዬ ገመድ አሰርኩበትና ጫፉን ለሥራ ለተጠሩ አንድ የመስቃን ገበሬ ሰጠሁ።

"ጋሼ፣ ገመዱ እንዳይላላ!" አልኳቸው፤ ሦስት ጊዜ።

የሬዲዮው ሹም መለኪያውን ታቅፎ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል፣ ተከተላቸው። ቁጥሩን ይጮኻል፤ እኔ ችካሉ ጋ ሆኜ እጽፋለሁ። ወደ ወልቂጤ ሲዞሩ ከሁሉ የበለጠ ቁጥር ተጠራ!

"ጥሩ ነው፤ ምሰሶው አይነሣም" አለ ሹሙ።

ሮጬ ሄድኩ። ገበሬው ከግቢው ውጭ፣ የጎረቤት እንሰት ዳር ቆመዋል፤ የገመዱ እኩሌታ ክንዳቸው ላይ ተጠቅልሏል።

"ጋሼ! ምን አደረጉ?"

"የሰው እንሰት ረግጬ ልግባ እንዴ? እንዳይላላ አልክ፤ ወላሂ አልላላም! ለምን እንደሆነ መቼ ነገርከኝ?"

ጸጉሬን ልነጭ ደረስኩ። ያላስረዳሁት ነገር አልነበረም፤ ከዚህ በቀር። ሹሙ ሣጥኑን ሊዘጋ ሲል ለምኜ አቆምኩትና የእንሰቱን ባለቤት ፈቃድ ጠየቅኩ።

"ተማሪዎችህ አጥር ዘለው ሲገቡ ማን አስፈቀደኝ?" አሉ እትዬ። "ግቡ፤ ቅጠል የሰበረ ግን ወዮለት!"

ጎንበስ ብለን በእንሰቶቹ መካከል ገባን። ገመዱ እስከ ጫፉ ተዘረጋ፤ የመለኪያው መርፌ ከሁሉ ወደሚያንሰው ቁጥር ወረደ። ሹሙ ጊዜዬን አባከንክ ብሎ ሰደበኝና ምሰሶዎቹ እንዲነቀሉ አዘዘ።

በማግስቱ ነቅለው ወሰዱ። ሁለቱን ጉድጓዶች ግን እንደተከፈቱ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ልጅ ሳይገባባቸው ብዬ እየተነጫነጭኩ አፈር ሞላሁባቸው።