የናፍጣ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ከሻሸመኔ የምመለስበት ሚኒባስ ጥቁር ውሃ ሳይደርስ አንዲት ሴት ለማውረድ ቆመ። ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፣ ሁለት ዶሮም ይዘዋል፤ ሁላችንም እየተነሣን እስክናሳልፋቸው ጊዜ ወሰደ። እኔ በመስኮቱ በኩል ስለነበርኩ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር የመሥሪያ ቤቴ የጭነት መኪና ቆማለች። ታርጋዋን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ መውጫ ወረቀቷን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሾፌሯ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቱቦ ይዟል። የቱቦው አንድ ጫፍ ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ነው፣ ሌላው ጀሪካን ውስጥ። አንድ የማላውቀው ሰው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ተራውን ይጠብቃል። ማደያዎቹ ሰልፍ በሚበዛባቸው ሰሞን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ እንዲህ ያለውን ገበያ ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር በእንጨት ላይ የተደፋ ጀሪካን ካለ ናፍጣ የሚሸጥ ሰው አለ ማለት ነው።

ሾፌሩ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የማደርገው ቢጠፋኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኩት። እሱም ቱቦውን እንደያዘ ሰላም አለኝ። ሚኒባሱ ሄደ።

ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት ተቀምጬ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ባለው የጭነት ማመላለሻ ግቢ ሥራ እንዳለ ነግሮ፣ ለባለቤቱም ስለ እኔ ጨዋነት መስክሮ ያስገባኝ ይኸው ሾፌር ነው። ጎረቤታችን ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። አባቴ ሲሞት የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በመኪናው ጭኖ ያመጣው፣ ሲያበቃም ማንም ሳይጠይቀው የመለሰው እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ሌሎቹ ሾፌሮች «ይቺ ልጅ ለመሳቅም ፈቃድ ትጠይቃለች» እያሉ ሲቀልዱብኝ «ተዉአት፣ እናንተ ብትማሩ እንደ እሷ ዝም ትሉ ነበር» የሚላቸውም እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ወደ ሞያሌ ልትነሣ ስትል ቅዳሜ ጢም ብሎ የተሞላው ነዳጅ ጎድሎ ተገኘ። ሾፌሩ በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

«እኔ ቅዳሜ ለጎማ ሥራ አውጥቼ ግቢ መልሻታለሁ። ከዚያ ወዲያ የቆመችው በር ላይ ባለው ሰው እጅ ነው።»

በር ላይ ያለው ሰው ዘበኛችን ናቸው፤ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከይርጋለም ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ሽማግሌ።

«እኔ?» አሉ አባባ። «ናፍጣ ምን አደርገዋለሁ? መኪና አለኝ?»

«መኪና የለህም፤ ገዢ ግን አታጣም» አለ ሾፌሩ። ሰው ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ቆሜ «ቅዳሜ ያየሁት ነገር አለ» ስል ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ለብቻዬ አትንገሪኝ። ከሰው ጀርባ የሚነገር ነገር ወሬ ነው። የዛሬ ሳምንት ሾፌሩንም ዘበኛውንም እዚህ አስቀምጣለሁ፤ በፊታቸው ትናገሪያለሽ። ያየሽውን ብቻ እንጂ የገመትሽውን አይደለም። እስከዚያ አስቢበት።»

አባባ እስከዚያ ከሥራ ታገዱ። ጥፋቱ ከጸናባቸው በስርቆት የተባረሩ ይሆናሉ። ዘበኛ የሚቀጠረው በተያዥ ነው፤ በስርቆት ለተባረረ ዘበኛ ደግሞ ማንም ተያዥ አይሆንም፣ በዕድሜያቸው ደግሞ ሌላ የሚችሉት ሥራ የለም። ታግደውም ግን ከቤት አልቀሩም፤ ከበሩ ማዶ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና በሩን ሲያዩ ይውላሉ። ወደ ሥራ ስገባ ቆመው ሰላም ይሉኛል።

ሾፌሩ ከሞያሌ እንደተመለሰ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ክርኑን አስደግፎ «እናትሽ ደህና ናት? ሰሞኑን ጠፋሁባት» አለኝ።

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«አንቺ አስተዋይ ልጅ ነሽ። አባትሽም እንደዚያው ነበር፤ ሰው አያጋጭም።»

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ እናቴ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ገዝቶ፣ አስጸድቶ፣ በፌስታል ያመጣላት ሾፌሩ ነው። «እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለች። ጥርሴን አመመኝ ብዬ ሳልበላ ተኛሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የእድሩ ዳኛና አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር። ቁጭ በሉ ሲባሉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ማነው ልጁ?»

«የምን ልጅ?»

«አትቀልጅብኝ! ሦስት ሽማግሌ ቆሞልኛል፤ ቤቱ አልተጠረገ! የተማረ ነው?»

«እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም።»

አልሰማችኝም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ጨዋ አድርጋ ወጣች። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ጉርብትና ጀመሩ፤ ከዚያ ስለ ውለታ፣ ከዚያ ስለ ድንኳኑ። ቀስ በቀስ ወደ ጎደለው ነዳጅ ሲደርሱ የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

«ለናፍጣ ነው እንዴ ሦስት ሽማግሌ የመጣው?» አለች።

«ለሰው ነው፣ እህቴ» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እሱ ተሳስቷል። ለእኛ አምኗል፣ አልቅሷልም። የልጆች አባት ነው። እኛ ዋሺ አላልንሽም፤ ነገ ዝም በይ ብቻ ነው የምንልሽ።»

«ዝምታ ደግሞ ላንቺ ከባድ አይደለም» አሉ ዳኛው። ፈገግ አሉ።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ቀረች። በቤታችን ሽማግሌ ተመልሶ አያውቅም፤ አባቴ በሕይወት እያለ በሬውን ያረደበትን ሰው እንኳ ሽማግሌ ስለመጣ ይቅር ብሏል። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እሺ ማለትም አልቻልኩም። ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። መሬት መሬት እያየሁ እንዲህ አልኩ፦

«የተበደልኩት እኔ አይደለሁም። አባባ ናቸው። ለእርቅ ከሆነ እሳቸው ዘንድ መሄድ አይገባም?»

እስከዚያ ያልተናገሩት ጡረተኛው ሾፌር «እውነቷን ነው» አሉ። ተያዩና ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ያን ቀን ልቤ ትንሽ አረፈ። ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የአባባን ቤት፣ የአባባን ፊት ሲያዩ ያፍራሉ፣ ተመልሰውም ሾፌሩን «ሄደህ ለሐጂ እመን» ይሉታል ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ጠዋት አባባ በሩ አጠገብ ጠበቁኝ። የታጠበ ኮት ለብሰዋል፤ ፊታቸው ፈክቷል።

«ትናንት ሽማግሌ ቤቴ መጣ!» አሉኝ። «ሦስት! ወንበር አልበቃ ብሎን ከጎረቤት አመጣን።»

«ምን አሉ?»

«ይቅር በል አሉ። ይቅር አልኩ። ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል?»

«ሥራውስ?»

«እለቃለሁ። ሐይቅ ዳር ሆቴል በር ላይ ያስገቡኛል፣ ቃል ገብተዋል። ዛሬ ሐጂ ሲጠይቀኝ መልስ አልሰጥም። አንቺም ዝም በይ።»

«አባባ፣ ዝም ካሉ እኮ ሌባ የሚባሉት እርስዎ ነዎት።»

«እግዜር ያውቀዋል አይደል?»

«ሆቴሉስ ያውቀዋል?»

ኮታቸውን ቆለፉ። «ቃል ሰጥቻለሁ» ብለው ከፊቴ ቀድመው ገቡ።

ቢሮው ውስጥ ሾፌሩ ተላጭቶ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ሐጂ አባባን አስቀድመው ጠየቁ። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «መልስ የለኝም» አሉ። ሐጂ ደግመው ጠየቁ። ያው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

ሾፌሩ በለሰለሰ ድምፅ ጣልቃ ገባ። «ሐጂ፣ ልጅቷን አያስጨንቋት። ነገሩ በሽማግሌ አልቋል።»

«የማን ነገር?»

«የእኔና የአባባ።»

«ናፍጣው የማን ነበር?» አሉ ሐጂ። «እኔ ዘንድ ሽማግሌ አልመጣም።»

አባባን አየኋቸው። ራሳቸውን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቁልኝ፤ እባክሽ ተይ ማለታቸው ነው። ዝም ብል ሁሉም ደስ ይላቸው ነበር፤ እናቴ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሾፌሩ፣ አባባ ራሳቸው። ግን ያ ሆቴል በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ደውሎ «ለምን ለቀቁ?» ብሎ ሲጠይቅ ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቁር ውሃ ሳንደርስ፣ መኪናዋ መንገድ ዳር ቆማ ነበር» አልኩ። «ጋሼ በቱቦ ከታንከሩ ወደ ጀሪካን እየቀዳ ነበር። አጠገቡ ሌላ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ያየሁት ይህን ነው።»

ሾፌሩ አልካደም። ወደ እኔም አላየም። «ሁሉም ያደርገዋል፣ ሐጂ» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ?»

«ሁሉም በዘበኛ አያሳብብም» አሉ ሐጂ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሾፌሩ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠና ወጣ። አባባ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው። ቆመው እጅ ነሡ፤ ፊታቸው ላይ ግን የጠዋቱ ብርሃን አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ተከትያቸው ሮጥኩ።

«አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ቃሌን አሳጠፍሽኝ» አሉ።

«የተናገርኩት እኔ ነኝ እኮ፤ እርስዎ አላጠፉም።»

«ሽማግሌዎቹን ወደ ቤቴ የላክሻቸው አንቺ ነሽ አሉኝ። ልከሽ ቃል አስገባሽኝ፣ ማግስቱን አፈረስሽው። በሕይወቴ ሦስት ሽማግሌ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ምን እላለሁ?»

እንጀራቸውን ያዳንኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ ድኗልም። ከእንጀራቸው ሌላ የሚጠፋ ነገር እንዳላቸው ግን ልብ አላልኩም ነበር።

ከውጭ አንድ የጭነት መኪና ክላክስ ነፋ። አባባ ፊታቸውን አዙረው፣ ኮታቸውን አውልቀው ግድግዳው ላይ ሰቀሉና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።