ባለጥቁሩ ከረጢት

ሽማግሌው የዕቃ መጣያው ግቢ ሊዘጋ ልክ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝንፍ ሳይሉ ይመጣሉ። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ፣ ጫማቸው ተወልውሎ።

የኦደንሴ ከተማ ሰው ደጃፉ ያለው የቆሻሻ ገንዳ የማይቀበለውን ዕቃ ሁሉ እዚህ ግቢ ያመጣል፤ ውስጡ እንዲታይም በሚያሳይ ላስቲክ ነው። የእሳቸው ግን ሁሌም ጥቁር ነው። ተረካቢዋ ሊስቤት ነግራ ነግራ አፏ ዝሏል።

"አባባ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ያምጡ አላልኩም? ስንቴ ልናገር?"

"መንገደኛው ሁሉ የቤቴን ገበና እንዲያይ ነው?"

ዘረገፈችው። የግድግዳ ሰዓት ነው። ያለፈው ቅዳሜም፣ ከዚያ በፊቱም ሰዓት ነበር። ይሄኛው ጭራሽ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ይሠራል እኮ። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፣ የፈለገ ሰው ይወስደዋል።"

"በሌላ ሰው ቤት እንዲቆጥር አልፈልግም።"

"እንግዲያው ባትሪውን ያውጡት። ባትሪ ለብቻው ነው የሚጣለው።"

"እሱን አንቺው አውጪልኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ ብረታ ብረቱ ክምር አዞሩ።

እየተነጫነጨች ነቅላ አወጣችው። ድምፁ ቀጥ አለ።

"ሌላ አለ?"

"የለም። በቤቴ የቀረው ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።"

እፎይ አለች። ተገላገልኩ ብላ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን ልትከፍት ስትመጣ፣ ሽማግሌው ከተዘጋው በር ፊት ቆመዋል። ካፖርታቸው ትከሻ ላይ በረዶ ተከምሯል፣ እጃቸው ላይ ያው ጥቁር ከረጢት። ሊስቤት ስለ ላስቲኩ ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

"ስንት ሰዓት ሆነ፣ ልጄ?"