ድንጋይ የሌለው ማሳ

ዝናብ ሲጀምር አያቴ ቤት አይቀመጡም ነበር። ዶማቸውን ይዘው ከመካነ ሰላም በታች ወዳለው ማሳችን ይወርዱና ጎርፉን ወደ ዳር ይመልሳሉ። አፈሩ ጥልቅ ነው፤ ምንም ያህል ቢቆፍሩት ድንጋይ አይወጣውም። ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል፣ ውሃ ከወረደበት ግን ሟሙቶ ይሄዳል። «ይኼ አፈር አብልቶ ያሳድግሃል፤ ራሱን መጠበቅ ግን አያውቅም» ይሉኝ ነበር።

ደርግ ወድቆ በመጣው የመሬት ሽግሽግ ጊዜ የቀበሌ ሹሞች ፊደል ያልቆጠሩትን አያቴን፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ተመራጭ ነበሩ ብለው «ቢሮክራት» አሏቸው። ከማሳው በላይ ያለውን እርሻችንን ነጥቀው ለጎረቤታችን ሰጡት። እሱም የጎርፉን ፈሰስ ቁልቁል ወደ እኛ ማሳ ቀደደው። አያቴ ቀበሌ ሄደው፣ «መሬቱን ውሰዱት፤ ውሃውን ብቻ ወደ ዳር አዙሩልኝ» ብለው ለመኑ።

«አሁንም ማዘዝ አማረዎት?» አላቸው ሊቀ መንበሩ።

በጥቂት ክረምቶች ማሳው ተሸርሽሮ ቦረቦር ሆነ። እሳቸውም ዶማ ማንሳት አቅቷቸው፣ ደጃፍ ተቀምጠው የደፈረሰውን ውሃ እያዩ ቆይተው አለፉ። ለቀስተኛው ሁሉ ቦረቦሩን ዞሮ ነው የገባው። ጎረቤታችንም መጣ። «ያ አፈር ድሮም ልል ነበር» አለኝና እጁን ለዱዓ ዘረጋ።

ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ አፌ አልከፈት አለኝ።