ፈንታሁን አብሾ የጠጣበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ዳባት፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «መምህር፣ አብሾ እውነት ትምህርት ይገልጣል?» አለችኝ። ቀልድ አስመስላ ነበር የጠየቀችኝ፤ ግን መልሱን ሳትሰማ አልሄደችም። «አይገልጥም፤ እንዳትነኪው» አልኳት። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ስልክ በኪሳቸው ይዘው ዛሬም ስለ አብሾ መጠየቃቸው ገረመኝ። እኛ በተማሪነታችን እንኳ ምንም አልነበረንም።

አብሾ አስተናግር ከሚባለው፣ በየአጥሩ ሥር ከሚበቅለው ባለ ነጭ አበባ ተክል ፍሬ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። የጠጣው ሰው አንዴ ያነበበውን አይረሳም ይባላል። የጠጣው ሰው ሌላም ብዙ ነገር እንደሚሆን ግን ወሬኛው ሁሉ እየዘለለ ነው የሚያወራው።

እኔና ፈንታሁን የሊማሊሞ አፋፍ ልጆች ነን። ደባርቅ ስንማር ከእማማ ጥሩ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ስንቃችን ድርቆሽና የባቄላ ቆሎ ነው። ማታ ድርቆሹን በሽሮ እንፈተፍትና ፈንታሁን እየጎረሰ የታሪክ ደብተሩን በቃሉ ይወጣልኛል። አንድ ገጽ አንዴ ካየ በቃው። እኔ አሥር ጊዜ አንብቤ ጠዋት ባዶ ነኝ። «እስኪ አንተየ ልጠይቅህ» ይልና ስሳሳት ሳይስቅብኝ ደግሞ ይነግረኛል። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ ራሴም አስተማሪ ሆኛለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትዕግሥት ግን አላጋጠመኝም።

የሙከራ ፈተናውን ወደቅሁ። ያን ሰሞን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ሥር የሚሸጥ ሰውዬ አገኘሁና የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። ሦስት ነገር አዘዘኝ። በባዶ ሆድ ይጠጣ፤ አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይጠብቀው፤ ለማንም እንዳይነገር፣ ከተነገረ ይረክሳል፣ የያዘለት ትምህርት ሁሉ ይጠፋል። ይቺን ሦስተኛዋን ከሁሉ ይልቅ አመንኳት። በአገራችን መድኃኒት የሚያውቅ ሰው የመድኃኒቱን ስም አይናገርም፤ የጠጣም ምን ጠጣሁ አይልም።

ይጠብቀኝ ብዬ ለፈንታሁን ብቻ ነገርሁት። ቅዳሜ ማለዳ የበጠበጥነው አብሾ በጽዋ ሲቀርብ እኔ ፈራሁ። ፈንታሁን አየኝና «በል እኔ ልቅደምልህ። ደኅና ከዋልሁ አንተ ነገ ትጠጣለህ» አለ። እሱን ምን ጎድሎት ነው የሚጠጣው? ይህን ያኔ ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅሁትም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ግንቦት ነው። ጉሙ ገና ከጣሪያው አልተነሣም። ፈንታሁን መጀመሪያ ጠማኝ አለ። ፊቱ ቀላ፤ የዓይኑ ብሌን ሰፋ፤ የሞተ አባቱን ከበሩ ላይ አይቶ «ይግቡ እንጅ አባየ» አለው። ቀጥሎ መደቡ ላይ ተቀመጠና በእጁ የሌለ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጠ ማንበብ ጀመረ። ቃሉ አይሰማም፤ ጣቱን በምራቁ ሊያርስ ይሞክራል፤ ምራቅ የለውም። እኔ ሞኙ፣ ያዘለት ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ደስታዬን ዋጥሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ድንገት ተነሥቶ ወጣ። መንገዱን አያይም፤ ወደ ገደሉ አፋፍ ነው የሚሄደው። ጋቢውን ይዤ ስጮህ እማማ ጥሩና ጎረቤቶች ደረሱልኝና በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

«ምን በላ? ምን ጠጣ?» አለችኝ ሲስተሯ።

«ምንም።»

«ቆላ ወርዶ ነበር?»

«አዎ፣ ሰሞኑን ዛሪማ ወርዶ ነበር» አልኳት። አልወረደም። ስለዚህ ወባ ነው ብላ ለወባ ታክመው ጀመር። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ፣ ብናገር ይረክስበታል፣ ይህን ሁሉ የተሰቃየው በከንቱ ይሆናል እያልኩ አፌን ዘጋሁ። ከትምህርት ቤት መባረርንም አልፈራሁም አልልም። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይፈጃል፤ ላብ ግን የለውም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሊል ሲል ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አገለደሙና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ለናቱ ምን ብየ ልላክባት?»

ያኔ ተናገርሁ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው? ምን ያህል? አረቄስ ጨምሮበታል?» ብቻ አለችኝ። መርፌ ወጋችው፤ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዘችው፤ መስኮቱን ጋርዳ ሰዉን ሁሉ አስወጣችና እኔን አስቀረችኝ። «ብቻውን አይሆንም። ስሙን እየጠራህ አነጋግረው፤ የሚያውቀው ድምፅ ይስማ» አለችኝ። ሲመሻሽ ትንፋሹ ሲረጋ፣ እጇን እየታጠበች «ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ» አለችና ቀሪውን ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ፈንታሁን ተነሣ። ከጽዋው በኋላ የሆነውን አንዲትም ነገር አያስታውስም። ፈተናው ሲደርስ ገጹ አልያዝለት አለ። እያነበበ ይቆምና ያነበበውን ሊፈልግ ወደ ኋላ ይገልጣል። ከትኩሳቱ ይሁን ከመንቀጥቀጡ የነገረን የለም። እኔ አለፍኩ፤ እሱ ወደቀ። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ እሱ ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ማረፊያ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ መጫን ጀመረ።

ዛሬ ደባርቅ ቤት ሠርቷል፤ ወልዷል። ቤቱ ስሄድ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይኸ ነው ያተረፈኝ፤ በቃሬዛ ተሸክሞ» ይላል። እማማ ጥሩ ነፍሳቸውን ይማረውና ሲነግሩት የኖሩት ይህን ነው፤ በሩ ሥር አፌን ዘግቼ ስለቆምኩባቸው ሰዓቶች ምንም ሳይተነፍሱ ሞቱ። እሱ ሲያመሰግነኝ መቀመጫው ይቆረቁረኛል። ስለዚህ እየራቅሁ ሄድሁ። በዓመት አንዴ፣ ከዚያም በሁለት ዓመት። ዳባትና ደባርቅ እኮ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው። ወንድሜን በቅርብ እያለ የናፈቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

የእሱም ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ባለፈው ፋሲካ «አባባ፣ አባየን እንዴት እንዳተረፉት ይንገሩኝ» አለችኝ። እሱም ፈገግ ብሎ ሊሰማ ተጠጋ። እኔም እንደ ልማዴ ታሪኩን ከቃሬዛው ጀምሬ መርፌው ላይ ደረስኩ፤ በመካከል ያለውን ዘለልኩት። ልጅቷ ታዲያ ከእኔ የሰማችው፣ ሰው አብሾ ጠጥቶ እንደሚድን ብቻ ነው። የትምህርት ቤቴ ተማሪ ከጠየቀችኝ ወዲህ ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ቅዳሜ ደባርቅ እሄዳለሁ። አባቷ ባለበት፣ ከዘለልኩት ጀምሬ ነው የምነግራት። እሷ ከአብሾ ትተርፋለች። እሱ ግን ሰምቶኝ ሲያበቃ ወንድሜ ይለኝ እንደሆነ አላውቅም።